በአክብሮት ስለተሰረዘችው «አትንዳት»

ለተከበሩ የ«አሮጌ ብስክሌት ወዳጆች» መድረክ ዋና አስተዳዳሪ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ የአውራ ጣትዎን ደህንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የሰው ቃል ሲሰርዝ የሚውል ጣት እንደማንኛውም ሠራተኛ ይደክማልና ዕረፍት እንዳይነፍጉት አደራ። እኔ ደህና ነኝ፤ መንጋጋዬ በሽቦ ከመታሰሩ፣ ሦስት የፊት ጥርሶቼ መንገድ ዳር ከመቅረታቸውና ምሳዬን በስትሮ ከመምጠጤ በቀር የጎደለብኝ የለም። መናገር ስለማልችል በጽሑፍ መጥቻለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሰው ጽሑፍ ሳቀና ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ ባይታገሡኝም መሰረዙን ያውቁበታል።

እርስዎ ነገሩን ቢያውቁትም ለሌሎች አንባቢዎች ከሥሩ ላስረዳ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤታችንን የኋላ ክፍል ባለቤቴ በስፌት መኪናዋ፣ እኔ በዝገቴ ተካፍለነው እንኖራለን። እሷ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ አሮጌ ብስክሌት አድሳለሁ። ባለፈው ወር ከአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ እጅ አንዲት ጥቁር ብስክሌት አግኝቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት ሰነበትኩ። ቀለሙ ሲለቅ የፊት ጎማዋን አቅፎ በሚይዘው ሹካ ላይ፣ ከብየዳው ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብቅ አለች። ዘጠኝ ሺህ አባላት ያሉት መድረክ እያለልኝ ምን ያሳስበኛል ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶዋን አነሳሁና እንዲህ ስል ጠየቅሁ፦ «ይህች ስንጥቅ ታሰጋለች ወይስ አታሰጋም? ነገ ባለቤቴን ከኋላ አድርጌ ልወጣባት አስቤያለሁ። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ስለሆነ ለጥንቃቄ ያህል ነው።»

ዕድሜዬን መጻፌ ጥፋት ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ቅልጥፍናዎ። ጥያቄዬ በወጣ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አንድ በያጅ፣ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲያቀልጥ የሚውል የመድረኩ አባል፣ መልስ ሰጥቶኝ ነበር። መልሱ ይህ ነው፦ «አትንዳት! ስንጥቁ ከብየዳው ሥር ነው የተነሳው፣ ውስጥ ውስጡን ሄዷል። ሹካውን አውጥተህ ጣለው። ሚስትህንማ በጭራሽ እንዳትጭናት።» በአራሚነት ዘመኔ ብዙ ዓረፍተ ነገር በእጄ አልፏል፤ ከእነዚህ ከአራቱ የምቀንሰውም የምጨምረውም አንድ ፊደል አላገኘሁም። እርስዎ ግን ከእኔ የተሳለ ዓይን አለዎትና ስሕተቱን በአንድ እይታ ነቀሱት፤ ሰውየው ስልሳ አንድ ዓመት የሞላውን ሰው «አንተ» ብሏል። ወዲያው መልሱን ሰረዙት፣ በያጁን ለሠላሳ ቀን ከመጻፍ አገዱት፣ በምትኩም «ታላላቆችን ማክበር የመድረካችን መለያ ነው» የሚል ማስታወቂያ በጽጌረዳ ሥዕል አጅበው ለጠፉ። እኔ በዚያን ሰዓት ስልኬን ቤት ትቼ ለመቀመጫዋ ቆዳ ቅባት ፍለጋ ወጥቼ ነበር። መልሱ ሳላየው መጣ፤ ሳላየው ሄደ። ፈጣሪን እንኳ «አንተ» እያልን ነው የምንለምነው፤ እሱ ግን እስካሁን ማናችንንም አላገደም። የእርስዎን ያህል ልምድ ስለሌለው ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥልቁ ውይይት። ከሰዓት በኋላ ስልኬን ስከፍት መቶ ሰማንያ ሰባት አስተያየት ተደርድሮ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ መነጽሬን ወልውዬ ተቀመጥኩ፤ ከዚህ ሁሉ መሃል የሹካዬ መድኃኒት አይጠፋም ብዬ። አንድም ሳልዘል አነበብኩት። አንዱ «ማን አሳደገህ?» ይላል፤ ሌላው «ያሳደገኝን ብታየው ከመቀመጫህ ትነሳ ነበር» ብሎ ይመልሳል። አንድ ፋርማሲስት ከ«አንቱ»ና ከ«እርስዎ» የቱ ይበልጥ ያከብራል በሚል ርዕስ ሦስት ገጽ የሚሞላ ሐተታ ጽፈዋል፤ «እርስዎ»ን ራሷን ሁለት ቦታ ላይ አሳስተው። አንዲት ወይዘሮ አማቷ በሠርጓ ማግስት «አንቺ» ብላ ስለጠራቻት ስድስት ዓመት እንዳኮረፈች አጫወተችን፤ እናቷን የሚያህሉ ሴት «አንቺ» ሳይሉ ምን ሊሉ እንደሚገባቸው ግን አልነገረችንም። ነገርን ነገር እያነሳው ከዘንድሮ ልጆች ወደ መምህራን፣ ከመምህራን ወደ ፍቺ ተሻገሩ። በመሃል አንዱ ያገለገለ ፍሪጅ ለመሸጥ ሞክሮ ጥሩ ገበያ አግኝቷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው እንጂ፣ ስለ ሹካ የተነፈሰ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁሉም አንድ «ባለጌ» እያሉ የሚያወግዙት ሰው እንዳለ ገብቶኛል፤ ቃሉ ስለተሰረዘ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ሰድቦኝ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። እንኳን አላየሁት አልኩ። ይባስ ብሎ የማላውቃቸው ሰዎች ለእኔ ክብር ሲሟገቱ ማየት ደስ አለኝ፤ አንብቤ ስጨርስ ደረቴ ነፋ ብሎ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ልሻለሁ።

በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የሰው ልብ የነበራት አንዲት ሴት ናት። የልጆች ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የምታድስ፣ ዓምና ትንሽ ጎማ ፍለጋ ቤቴ ድረስ የመጣች ናት። «ለመሆኑ የጋሼ ስንጥቅ ከምን ደረሰ? የመለሰላቸው አለ?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም በታላቅ ትሕትና «እኅታችን፣ እባክዎ ከርዕስ አይውጡ» ብለው አስጠነቀቋት። ይህን ሳነብ እኔም ርዕሱ ምን እንደነበር ለአፍታ ተጠራጥሬያለሁ።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ በላይ ስለተወደደችው አስተያየት። «አባታችን፣ ይንዱ! ለእርስዎ ዕድሜ ብስክሌት ጤና ነው፤ ያምርብዎታል» ትላለች። ሁለት መቶ ስድስት ሰው ወዷታል፤ ከወደዷት አንዱ ክቡርነትዎ ነዎት። አንቱታዋ እንከን የለውም።

እሑድ ጠዋት ብስክሌቷን ወደ ደጅ አወጣኋት። ባለቤቴ ሻሿን እያሰረች ወጣችና ጎንበስ ብላ ያችን ስንጥቅ በጥፍሯ ነካካቻት። ጨርቅ የት ላይ እንደሚተረተር በጣቷ የምታውቅ ሴት ናት።

«ይቺ ነገር አላማረችኝም። እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«ከዘጠኝ ሺህ ሰው አንድ እንኳ አትንዳ ያለኝ የለም» አልኳት።

«እንግዲያው ቀስ በል» ብላ ከኋላዬ ተቀመጠች።

ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ መንገዱ ቁልቁል ነው። በግራ እጇ ወገቤን ይዛ ትስቅ ነበር፤ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዳቦ ቤቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ስናልፍ ከእጄ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪው እጄ ላይ ቀረ፤ ጎማው ብቻውን ቀደመን። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአስፋልቱን ሙቀት ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ «እጄን! እጄን!» የሚለውን ድምፅዋን። ዳቦ ለመግዛት የተሰለፉ ሰዎች ሮጠው አነሱን። እንዴት ብለው እንደጠሩን አላስተዋልኩም።

የእኔ መንጋጋ በስድስት ሳምንት ይፈታል። የእሷ ግን ቀኝ እጅ ነው፤ አንጓው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ ጀሶው ሲፈታ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እንደ ድሮው ላይገጥሙ ይችላሉ ብሎናል። ክቡርነትዎ የተሟላ ሰው ስለሆኑ መቀስ በየትኞቹ ጣቶች እንደሚያዝ አይጠፋዎትም። ሃያ ስድስት ዓመት የቆረጠችበት መቀስ አሁን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መርፌ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም በሦስተኛው ሙከራ። አንድ ቀን እንኳ «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ሐዘኔታዎ። አደጋችንን እንደሰሙ በመድረኩ ስም «ለአባታችንና ለእናታችን ምሕረቱን ያውርድልን» የሚል መልእክት፣ አሁንም ከጽጌረዳ ጋር፣ አውጥተዋል። ስድስት መቶ ሰው እጁን አጣምሮ ጸልዮልናል። ስለ ሹካው የጻፈ ግን አሁንም አልነበረም፤ ምናልባት ከርዕስ መውጣት ይሆናል ብለው ፈርተው ነው።

ያን መልእክት ካነበቡት አንዱ በያጁ ነበር። ከመጻፍ እንጂ ከማንበብ አላገዱትም፤ ይህንንም እንደ ቸርነት እቆጥርልዎታለሁ። ቤታችንን ከባለ ሦስት እግሯ ሴት ጠይቆ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሥራ ልብሱ መጣ። ቁመተ ረጅም፣ ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ የተነቆጠ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። መንጋጋዬን አየ፣ የባለቤቴን ጀሶ አየ፣ ቁጭ በል ሳይባል በሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። የተሰረዘበትን መልስ ገና እንደጻፈው ፎቶ አንስቶት ኖሯል።

«ብዬህ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለኝ። «ይኸው፣ ብዬህ ነበር።»

አነበብኩት። ለባለቤቴ አቀበልኳት። እሷም አነበበችና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በያጁ ማልቀስ ሲጀምር ግራ እጇን ሰድዳ ራሱን ዳበሰችው። «አንተ ምን አደረግህ ልጄ፤ አንተማ ነግረኸን ነበር» አለችው። እኔ የምለው ነበረኝ፤ አፌ ታስሯል።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። ባለቤቴ ጨርቁን ሳትይዝ በግራ እጇ መቁረጥ እንድትችል፣ ጠረጴዛዋ ላይ የሚታሰርና በጉልበቷ ገፋ ስታደርገው ጨርቁን የሚነክስ የብረት መያዣ ሠራላት። የመጀመሪያው ጨርቁን አበላሸባት፤ ሁለተኛው ሠራ። ትናንት አንድ ኪስ ቆርጣለች። ጠማማ ነው፤ ግን ኪስ ነው። እኛ ቤት «አንተ» ብሎ ይገባል፣ «አንተ» ብሎ ይወጣል።

አምስተኛው ምስጋናዬ ለራሴ ነው። በያጁ የሚሠራበት ጋራዥ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ብስክሌቷን እየገፋሁ ሄጄ ባሳየው ኖሮ በሁለት ቃል ይገላግለኝ ነበር። እኔ ግን ከአንድ የሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ሺህ የሚያከብረኝ ሰው መረጥኩ። ይህን ጥፋት ከእርስዎ ጋር እካፈላለሁ፤ ትልቁን ቁራሽ ግን በዕድሜ ታናሼ ቢሆኑም ለእርስዎ ትቻለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። የተሰረዘውን መልስ ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ስንጥቅ አግኝቶ ሊፈልገው ይችላልና። በያጁን ከእገዳው ይፍቱት፤ እሱ ተመልሶ ለመጻፍ ይፈልግ እንደሆነ ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም። ባለ ሦስት እግሯን ሴት ይቅርታ ይጠይቋት። መቶ ሰማንያ ሰባቱን አስተያየቶች ግን እንዳይነኩብን፤ ልጆቻችን መከባበር ምን ያህል ሥራ እንደሚያስፈታ ይማሩባቸው። የእኔን አባልነት በዚህ ደብዳቤ ሰርዣለሁ፤ ጣትዎን ላሳርፍልዎ ብዬ ነው።

ከአንጀቴ ሰላም እንዳልልዎ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ከአንገት በላይ እንዳልልዎ ከአንገት በላይ ያለው አካሌ በሽቦ ታስሯል። ስለዚህ እጅ ነስቼ ብቻ እሰናበታለሁ፤ ለጊዜው ያለ ጉዳት የቀሩልኝ እጆቼ ናቸውና።

የእርስዎ የተከበረ፣ የተሟገቱለትና የወደቀ አባትዎ፣
ጡረተኛው አራሚ

ማሳሰቢያ፦ በያጁ በመጣ ማግስት የተሰበረውን ሹካ ፎቶ ያለ አንዳች ቃል መድረኩ ላይ አውጥቼው ነበር። በአራተኛው ደቂቃ ከእርስዎ የግል መልእክት ደረሰኝ፦ «ሰውዬ፣ ፎቶውን ቶሎ አጥፋው! ሰው ታስደነግጣለህ።» ለባለቤቴ አሳየኋት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሁለቴ አነበበችውና «አየህ፣ ለራሱ ሲደነግጥ አንቱታውን ትቶ አጥርቶ ይናገራል» አለች።