የሲፈን ጥርስና የእኔ

ውድ ጉታዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለቀ። ዝናቡ ቆሟል፣ የጭላሎ ተራራ ከደመና ወጥቶ ከጓሮ በር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ እንደ ባለፈው ላለቅስብህ አይደለም። የሆነውን ሰምተህ እንድትስቅ ነው። ለሌላ ሰው ሳወራው መሃል ላይ አቋርጦኝ የራሱን ሕመም ይነግረኛል፤ አንተ ግን አታቋርጠኝም።

ጥርሴን ተነቀልኩ። አዎ፣ እኔ የሺ፣ ሚስትህ። ያውም የላይኛውን።

ከት ብለህ ስትስቅ ይታየኛል። ሳቅ፣ ይገባሃል። ስንት ዓመት ለምነኸኝ እምቢ ያልኩህን ነገር አንዲት አንደኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ አስደረገችኝ። ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ የላይ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ዓይኑ ይጠፋል እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሥሩ ከዓይን ጋር የተያያዘ ነው ትል ነበር። ምስክር ስታስፈልጋት ጎበሳ ከተማ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩትን አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ትጠራለች። ይህን ስነግርህ፣ የሴትዮዋ ዓይን የጠፋው ጥርሳቸውን ከመነቀላቸው በፊት ነው በኋላ ብለህ ጠየቅኸኝ። አላውቅም ስልህ ፈገግ አልክ። ለዚያች ፈገግታ ስንት ቀን አኮረፍኩህ፣ ታስታውሳለህ። እናም ጥርሴ ባመመኝ ቁጥር ቅርንፉድ ነከስኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጠቀጠቅሁበት፣ አረቄ ተጉመጠመጥኩ። አንተም ጥርሷን ልታሰክረው ነው እያልክ ለልጅህ ለጫልቱ ታሳብቅ ነበር።

ያን ቀንስ? ጉንጬ አብጦ ዳቦ መስሎ፣ ለምነህ ተማጽነህ በባጃጅ ክሊኒኩ በር ድረስ ወሰድከኝ። ካርድ ልታወጣ ስትገባ ከውስጥ አንድ ሰው ሲያቃስት ሰማሁ። ባለባጃጁን ወደ ገበያ ንዳ አልኩት። ጥርስ ልነቀል ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ይህንን ታሪክ ያልነገርክበት እድር፣ ያልነገርክበት ሠርግ የለም።

አንተ ምን አለብህ። ጸጉርህ ሸብቶ እንኳ ጥርስህ አንድም አልጎደለም። በአጨዳ ወቅት ኮምባይነርህን ይዘህ ዲክሲስ እርሻ ስትወርድ የወይራ መፋቂያ ከኪስህ አይጠፋም፤ ስትመለስ ለቤቱ ሰው ሁሉ ቆርጠህ ትመጣለህ፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ደርድረኸን እያንዳንዳችን ስንፍቅ ካላየህ ቁርስ የለም። የገብሱን ቆሎ ስትቆረጥመው ድምፁ ከጓዳ ይሰማኝ ነበር። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሴቶቹ ያ ጥርሱ፣ ያ ጥርሱ እያሉ ሲያለቅሱልህ፣ በእንባዬ መሃል ሳቄ መጣና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ነጠላዬ አፌ ላይ መሆኑ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። በግራ ጎን ያለው የላይ ጥርሴ ጠቁሮ ከተቦረቦረ ወዲህ አፌን ሳልሸፍን ስቄ አላውቅም። ደግሞ አንተ እጄን ይዘህ ወደ ታች ትጎትት ነበር። ሰው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለህም። ስትስቂ ልይሽ እንጂ ትለኝ ነበር፤ እኔ እጄን አስለቅቄ መልሼ እሸፍነው ነበር።

አሁን ወደ ሲፈን። የልጅ ልጅህ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ ያንተንም ትጽፋለች። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የታችኛው የፊት ጥርሷ ይነቃነቅ ጀመር። እኛ ደስ ብሎን ነበር። ግን ማንንም አታስነካም። ጫልቱ እናቷ ናት፣ አታስነካትም። እኔ አያቷ ነኝ፣ አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አዲሱ ጥርስ ከኋላ በኩል ብቅ አለ፣ አሮጌው ግን ቦታውን አልለቅም ብሎ ቆመ። ዳቦውን በጎን እያኘከች፣ ከዚያም ጭርሱን ምሳዋን ሳትነካ እየመለሰች ከሳችብን። አንድ ቀን ምክንያቷን ጠየቅኋት።

«አካኮ ነው የሚነቅልልኝ» አለችኝ፤ አንተን፣ አያቷን፣ ማለቷ ነው። «እነቅልልሻለሁ ብሎኛል።»

ምን ልበላት፣ ጉታዬ? መሞትህን ታውቃለች፣ መቃብርህ ላይ አበባ አስቀምጣለች። የጥርሱ ነገር ግን ለእሷ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ጥርሷ ሲነቃነቅ እንደምትነቅልላት፣ ከዚያም ትከሻህ ላይ አውጥተሃት ቁራው አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንዲሰጣት ጣሪያው ላይ እንደምትወረውረው ነግረሃታል። የጫልቱንም እንዲሁ ነበር ያደረግኸው። ኮምባይነሩ ዲክሲስ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበትን ታሪክ ትጀምርና ልጅቷ አፏን ከፍታ ስትሰማህ፣ ጭቃው ጋ ስትደርስ ጥርሱ እጅህ ላይ ነው። ሲፈን ይህን ሁሉ ከእናቷ ሰምታለች። እና ትጠብቅሃለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ደህና አድርጌ አለቀስኩ።

ጫልቱ ግን ያንተ ልጅ ናት፣ ነገር አታስረዝምም። እሷም ነፍሰ ጡር ናት (አዎ፣ ሁለተኛዋን ወይም ሁለተኛውን፣ ወሯ ገብቷል)፣ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ ይደማል። አንድ ላይ እንታያለን ብላ ለራሷና ለሲፈን ቀጠሮ ያዘች። እኔ የሄድኩት ልጅ ልይዝ ነው። ይህን በደንብ እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ የዚሁ የአሰላ ልጅ። ሲፈንን በኦሮምኛም በአማርኛም አባበለቻት፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ አድርጋ አሳየቻት፣ መስተዋቷን አስያዘቻት። የኛ ልጅ በሩን ይዛ አፏን ገጠመች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ጉንጬ አብጦ ነበር።

«እማማ፣ ያንቺም ያምሻል አይደል? አንቺ ቅደሚ።»

ዶክተሯ አየችኝ። ጫልቱ አየችኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ በበሩ አጮልቀው አዩኝ። ባጃጁ ውጭ ቆሞ ነበር፣ ቤት ውስጥም ሽንኩርት አልቆ ነበር። ግን ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች። ብወጣ አብራኝ እንደምትወጣ፣ ያ ጥርስም እዚያው ቆሞ እንደሚቀር ገባኝ። ነጠላዬን ለጫልቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

የዓይኑን ነገር ለዶክተሯ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም፣ ለዚህ ወድጃታለሁ። ራጁን አሳይታ፣ ሥሩ መንጋጋዬ አጥንት ላይ እንደሚያልቅ፣ ዓይኔ ጋ እንደማይደርስ በጣቷ እየነካች አስረዳችኝ። እንዲያውም መፍራት ያለብኝ መነቀሉን ሳይሆን መግል የያዘ ጥርስ ዓመት ሙሉ ይዞ መቀመጡን ነው አለችኝ። የደም ግፊቴን ለካች፣ የስኳር በሽታ ይኖርብኝ እንደሆነ ጠየቀች፣ ማደንዘዣውን ወጋችኝ። ሲፈን እጄን ያዘች። አይዞሽ ልላት አስቤ ነበር፤ ይዛኝ የነበረችው ግን እሷ ናት። ጉንጬ የራሴ አልመስል አለኝ፣ የሆነ ነገር ሲገፋኝ ተሰማኝ፣ ከዚያ «አለቀ፣ እማማ» አለችኝ ዶክተሯ። አላመንኳትም። ሳህኑ ላይ ሳየው ነው ያመንኩት። ለዚህች ለማትረባ ጥቁር ነገር ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የተሰቃየሁት!

ጥጡን ነክሼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩና በግራው፣ በዚያ ይጠፋል በተባለው ዓይን፣ ወደ ጭላሎ አየሁ። ጭላሎ ቦታው ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ደመና ሳትቀር ትታየኛለች። ከዚያው ዓይኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሲፈን ተከትላኝ ወጥታ ምን እንደማይ ጠየቀችኝ፤ መናገር ስላልቻልኩ በጣቴ አሳየኋት። እሷም አንድ ዓይኗን ሸፍና አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ገብታ ወንበሩ ላይ ወጣች።

ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት ለዶክተሯ አንድ ነገር ነገረቻት፤ አካኮ ሲነቅል ታሪክ ያወራል አለቻት። ምስኪን ዶክተር፣ የዲክሲሱን ጭቃ ከየት ታምጣው? ጫልቱ በነጠላዬ ዓይኗን ትጠርጋለች። ስለዚህ እኔ ጀመርኩ። ግማሽ አፌ በድን ነው፣ በጥርሴ ጥጥ ይዣለሁ፣ ምላሴ እንደ እንጨት ሆኗል። ኮምባይነሩን አስነሳሁ፣ ገደሉን አስወረድኩ፣ በሬዎቹ ሊጎትቱት መጥተው እነሱም እንደ ተቀረቀሩ እየተንተባተብኩ አወራሁ። ጫልቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ዶክተሯ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች፣ ሲፈን አፏን በሰፊው ከፍታ ሳቀች። ገና ከጭቃው ሳላወጣቸው ጥርሷ ወጥቶ ነበር። ደም እንኳ እምብዛም አልነበረውም። ጉታዬ፣ ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ነበርክ ብምል አልሳሳትም።

ቤቱ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ቧንቧው አጠገብ የሁላችንም ቡርሽ አንድ ኩባያ ውስጥ ቆሟል። ጠዋትና ማታ ሲፈን ትለፈልፍብናለች፤ በእሷ ቡርሽ ላይ የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ነው፣ እኔም እስክትጨርስ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ማታ ከቦረሸች በኋላ ስኳር ያለበት ሻይ የለም። ጫልቱ ድዴ ስለሚደማ ልተወው ብላ ነበር፤ ዶክተሯ ግን እርግዝና ድድን እንደዚያ እንደሚያደርግ፣ መድኃኒቱም መተው ሳይሆን በለሰለሰ ቡርሽ በደንብ ማጽዳት እንደሆነ ነግራ ጥርሷን አጠበችላት። የሚወለደውንም ሕፃን ድድ በንጹሕ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ ተቅማጡ ከጥርሱ ነው የሚል አዋቂ መጥቶ ድዱን እንዲነካ አንፈቅድም። ያንተን መፋቂያ ሳነሳ ከዶክተሯ ጋር ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር። እርጥብ ከሆነና ድድ ካላደማ መልካም ነው፣ ቡርሹን ግን አትተዉ አለች። አጥሩ ላይ የተከልከው ወይራ በሩን አልፎ አድጎልሃል፤ ጠዋት አሁንም ከእሱ እንቆርጣለን።

ይኸውልህ፣ ከክሊኒኩ የተመለስን ዕለት ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለ ነበር ጣሪያው ጋ የሄድነው። ትከሻ ላይ የሚያወጣት ሰው የለም። ጫልቱ በሆዷ አትችልም፣ እኔ በጉልበቴ አልችልም። በርጩማ አቆምንላት። ወረወረችው፣ አንተ በገዛ እጅህ በመታኸው ቆርቆሮ ላይ ኳኳኳ ብሎ ተንከባሎ ወረደ። ደግማ ወረወረችው፣ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ክዳኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ከበርጩማው ወርዳ እጇን ዘረጋችልኝ። ያንቺስ የታል አለችኝ። ዶክተሯ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። ለአሮጊት ቁራ አዲስ ጥርስ አያመጣም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሠራሹን የምታስገባልኝ ዶክተሯ ናት። ግን ትቼው በርጩማው ላይ ወጣሁ። የሺ በዚህ ዕድሜዋ በርጩማ ላይ!

ወረወርኩት። ኳ አለና እዚያው ቀረ፣ በአንድ ጊዜ። ሲፈን አጨበጨበች፣ ጫልቱ አጥሩን ተደግፋ ሳቀች፣ እኔም በርጩማው ላይ እንዳለሁ፣ ባዶው ቦታ እየታየ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ሳቅሁ። ስጨርስ እጆቼን አየኋቸው። ሁለቱም ወደ ታች ወርደው ነበር።

አልረሳህም፣ ጉታዬ። በሳቅሁ ቁጥር እጄ መነሳት ሲጀምር፣ ወደ ታች ስትጎትተው ይሰማኛል። ከእንግዲህ እጄን አላስለቅቅህም።

ያንተዋ፣
የሺ