የወ/ሮ አካኒሲ ናይቫሉ የሕይወት ታሪክ፣ ኑኩላይ ሳይቀር

ወ/ሮ አካኒሲ ናይቫሉ ከአባታቸው ከአቶ ኤሮኒ ናይቫሉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቲማይማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1951 ከሳቩሳቩ ወደብ ማዶ ባለችው መንደራችን ተወለዱ። የስድስት ልጆች ታላቅ ነበሩ። እናታችን ኮኮናት ስታደርቅ ስትውል ታናናሾቻቸውን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ትምህርታቸው ሲከብድ ሕፃናቱን የመያዝ ተራ ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ደረሰኝና እኔ ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ ነው።

በ1969 ወደ ዋና ከተማችን ወደ ሱቫ ገብተው የነርስነት ትምህርት ተከታተሉ። በ1972 ተመርቀው በሦስት ክሊኒኮች ለሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ። በ1974 ከመርከብ መካኒኩ ከአቶ ሴሚ ጋር በጋብቻ ተሳስረው አፒሳይንና ቪሊያሜን ወለዱ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት መሪ ሆነው እስከ 1997 ድረስ ሠሩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ሰው ወዶታል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ፓስተራችን ቤቴ መጥተው፣ በትሕትና፣ «እማማ ሚሊያና፣ የ1997ቱን ነገር ብናሳጥረውስ? ‹በልዩ ልዩ ቦታዎች አገልግለዋል› ቢባል ይበቃል» አሉኝ። የቦታው ስም ልዩ ልዩ አይደለም፤ ኑኩላይ ነው አልኳቸው። ስለዚህ አላሳጠርኩትም።

በሐምሌ 1997 አሥራ ሁለት ሰዎች ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ለአሥር ቀን የወንጌልና የሕክምና አገልግሎት ወደ ኑኩላይ ደሴት ተጓዙ። ነርሷ እህቴ ነበሩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ሊቲያም አብራቸው ሄደች። ወደቡ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ይዤ ቆሜ፣ «እታለም፣ ልጄን ባሕር ቢወስድብኝስ?» ብላቸው፣ «ባሕሩ እንኳን ልጅሽን፣ ይህን ሁሉ ብርድ ልብስ መሸከም አይችልም» ብለው ሁለቱን መለሱልኝ።

እኛ እንደምናውቀው፣ ወደ ሰው መንደር የገባ እንግዳ ተወቅጦና ተበጥብጦ የሚጠጣውን የያንጎና ተክል ሥር አስሮ በአለቃው ፊት ያስቀምጣል። ሥሩ ተቀባይነት ካላገኘ እግሩ መሬቱን እንደረገጠ አይቆጠርም። በቤተ ክርስቲያናችን ግን ያንጎና የጥንት መናፍስት መጠጥ ነው ተብሎ ስለተከለከለ፣ ቡድኑ በሥሩ ፋንታ አንድ ካርቶን ብስኩት አቀረበ። የመንደሩ አለቃ አቶ ኢሊያሳ ካርቶኑን ተመለከቱ፣ አመሰገኑ፣ ለእንግዶቹም ዓሣና ጎደሬ እንዲቀርብ አዘዙ። ሦስት ቀን ሙሉ በደንብ ተበላ። ለሕክምና ወደ ተከሉት ድንኳን የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ምንጭ ላይ እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር አገኙ። «ለምን ወደ ድንኳኑ አትመጪም?» ሲሏት፣ «እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ነበር፣ ገና አልመጡም እኮ» አለቻቸው። ፊት ለፊታቸው ቆማ ነው እንዲህ ያለችው።

እህቴ ወደ ጀልባው ሄደው ደረታቸው ላይ የሚሰኩትን የነርስ ሰዓት ለጀልባ ነጂው ሰጡና አንድ እስር ሥር ተቀበሉ። በአለቃው ደጅ ብቻቸውን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

አቶ ኢሊያሳ፣ «ሴት ልጅ ይህን ይዛ ስትመጣ ዛሬ ገና አየሁ። ወንዶቻችሁ የት ሄዱ?» አሉ።

«ጸሎት ላይ ናቸው» አሉ እህቴ።

«ሦስት ቀን?»

«ኃጢአታቸው ብዙ ነው፣ አባባ።»

ከሩቅ ተከትላቸው የነበረችው ሊቲያ እንደነገረችኝ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ሦስት ጊዜ አጨበጨቡና «እንግዶቻችን ዛሬ መጡ» አሉ። እህቴ ከሥሩ ተበጥብጦ የቀረበላቸውን አንድ ኩባያ ተቀብለው ጠጡ። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ፊት አርባ ሰው ተሰልፎ ነበር። ያቺ ነፍሰ ጡርም በስድስተኛው ቀን በእጃቸው ወለደች። በከባድ ምጥ ነበር፤ እናትም ሕፃንም ተረፉ። ሕፃኗን አካኒሲ አሏት።

ቡድኑ ሲመለስ ስለ ኩባያው ለቀድሞው ፓስተር ማን እንደነገራቸው ብዙ ተወርቷል። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሊቲያ በደስታ አጫወተችኝ፤ እኔ ደግሞ ለልጄ ነፍስ ፈራሁና ሄጄ ተናገርኩ። ይህ ሃያ ሁለት ዓመት ከአፌ አልወጣም፣ አሁን በእጄ ጻፍኩት።

እህቴ በጉባኤ ፊት ቆመው ንስሐ እንዲገቡ ታዘዙ። ቆሙና፣ «ይቅርታ የምለምነው ሦስት ቀን ሙሉ በሕመማቸው ያስጠበቅናቸውን ሰዎች ነው። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ከሴቶች ኅብረት መሪነት ተነሡ። ስማቸው ግድግዳው ላይ ካለው የወንጌል ተጓዦች ዝርዝር ተፋቀ፤ ቦታው ዛሬም ባዶ ነው፣ ዞር ብላችሁ እዩት። እሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። በር አጠገብ ካለው የመጨረሻው ወንበር ላይ እየተቀመጡ ከሁላችን በላይ ጮክ ብለው ዘመሩ። ከ1998 እስከ 2016 በየዓመቱ፣ መጀመሪያ በእረፍት ጊዜያቸው ኋላም በጡረታቸው፣ ላኪ ሳይኖራቸው፣ ለአሥር አሥር ቀን ኑኩላይ ተመላለሱ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ እስር ሥር።

በ2003 በአርባ ሰባት ዓመቴ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እርሳሱ ከጣቶቼ እየሾለከ፣ «እታለም፣ ያኔ ለፓስተሩ...» ብዬ ስጀምር፣ «ማን እንደነገራቸው አውቃለሁ፣ እርሳሱን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አሉኝ።

ባለቤታቸው አቶ ሴሚ በ2008 ቀደሟቸው። ወ/ሮ አካኒሲ በስኳር ሕመም ምክንያት በ2017 ግራ እግራቸውን አጡ፤ «ኑኩላይን የረገጠው ቀኙም ነው» ይሉ ነበር። ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 14 ቀን 2019 በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እህትና ወንድሞችን አፍርተው... ይህ የተለመደው አጻጻፍ ነው፤ ወንድምና እህት አይፈራም፣ እኛን ተሸክመውን ነው የኖሩት።

የኑኩላይ ሰዎች ሁለት ቀን በባሕር ተጉዘው ለቅሶ መጥተዋል። ሥር ስለያዙ እንዳይገቡ ተነግሯቸው አሁን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሥሩን ጉልበቷ ላይ ይዛ የተቀመጠችው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አካኒሲ ናት። እኔም ልጆቻቸውም ተነጋግረናል፤ አስከሬኑ ከዚህ ሲወጣ ወደ መቃብር ሳይሆን መጀመሪያ ወደዚያ ሰሌን ይሄዳል። ሥሩን የምቀበለው እኔ ነኝ። መምጣት የማይፈልግ እዚሁ ይቆይ፤ እኛ ግን እነዚያን ሰዎች እስክንቀበል ድረስ ለዚህ ለቅሶ ገና አልመጣንም።

ጌታ የእህቴን ነፍስ ደጅ ሳያስጠና ይቀበላት።

ታናሽ እህታቸው ሚሊያና