የድሮው ገመድ ችሏል

ተናኘ፣

መተማ ዮሐንስ መውረዴ ነው። ሚኒባሱ በር ላይ ክላክሱን እያንባረቀ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

“ይህ ያረጀ ገመድ አዲሱን የኢንተርኔት ፍጥነት አይችልም፤ ጎንደር ተከራይቼ ትምህርቴን እጨርሳለሁ” ማለትሽን ከእትዬ ማርያማዊት ሰማሁ። ከአከራያችን አፍ።
ይሁን።

ዛሬ ጠዋት ቴክኒሻኑን ባየልኝን ጠራሁት። ላፕቶፑን መጀመሪያ ሳሎን ራውተሩ ላይ ሰካው፤ በረረ። ከዚያ አንቺ ክፍል ካለው ገመድ ጋር ሲያገናኘው መንፏቀቅ ጀመረ።

“በቃ፣ ገመዱ አይችልም ማለት ነው?” አልኩት፣ ቅስሜ ስብር ብሎ።

“ገመዱስ ደህና ነው። ጫፉን ነው ሙቀቱ የበላው” አለና ቆርጦ አዲስ ራስ ገጠመለት። ወዲያው የሳሎኑ ፍጥነት አንቺም ክፍል ገባ! ከዚህም በላይ ብታስጨምሪ ይሸከማል ብሏል።

ሳላስፈቅድሽ ክፍልሽ መግባቴን ይቅር በይኝ። ማራገቢያሽን ነቅለነዋል፤ መልሰሽ ሰኪው። ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ሳይበላሽ ጨርሺው።

ቅዳሜ እመለሳለሁ። ጎንደር መሄድ ካሰኘሽም በገመዱ አታሳብቢ፤ ለእኔው ንገሪኝ።

ፍቅርአዲስ