ቀለጠ ወይስ ተሸጠ

ጥቅምት 5

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የኦፊሰሮች የሥልጣን ድልድል ወሩ ሳያልቅ እንደ አዲስ ይሠራ ይላል። የማንን ክርክር ማን ይወስን… የምጽፈው እኔ። የክርክር ክፍል ኃላፊ የመሆን ትርፉ ይኸው ነው።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። መርማሪዎች ነጋዴውን "ከሸጥከው ዕቃ ላይ ታክስ አጉድለሃል" ብለው ማስታወቂያ ይልኩበታል። አልቀበልም ካለ ወደ እኛ ይመጣል። ከኦፊሰሮቻችን አንዱ ቃሉን ሰምቶ ይወስናል። እስካሁን ድልድሉ በቅርንጫፍ ነበር። ሁለት ከተማ የሚሸጥ ሰው በአንድ ዕቃ ሁለት ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ አንዱ ኦፊሰር ነፃ ሲያወጣው ሌላው ያስከፍለዋል። አንድ በግ ሁለቴ እንደማረድ። ከእንግዲህ በአንድ ጉዳይ የመጣው ሁሉ አንድ ሰው ዘንድ ይጠቃለል ተባለ። ደግ ነው።

ከባድ ከባዱን ለጋሽ ችሎት። ይሄማ ማሰብም አይፈልግም። (ስማቸው አይደለም፤ ቢሮው ያወጣላቸው ነው። እሳቸው ፊት የተቀመጠ ሁሉ ፍርድ ቤት የቆመ ስለሚመስለው። ፊት ለፊት ግን ማን ደፍሮ ይጠራቸዋል?)

ጃንጥላዬ ተሰብሯል። ነገ ላሠራው።

ጥቅምት 8

አንዲት ሳሙና ሠሪ መጣች። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ችሎት ወስነውባታል። የመጋዘኗ ጣሪያ አፍስሶ ሳሙናው ውሃ ገባው። መርማሪዎች ሲቆጥሩ ዕቃ ጎደለ፤ የጎደለው ያለ ደረሰኝ ተሽጧል አሉ። የሌላው ከተማ ቅርንጫፍም ስለዚያው ሳሙና ሌላ ማስታወቂያ ልኮባታል።

"እኔ 'ቀለጠ' ነው ያልኩት" አለች። "እሳቸው 'ተሸጠ' ብለው ጻፉ።"

ቃሏ ላይ ፈርማለች። ለምን ብላት፣ "ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። በዚያ ጭንቀት ማን ያነባል?"

የተፈረደበት ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ ጋሽ ችሎት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ያልተባለ አይጽፉም። ግን… አልጮኸችም። አላለቀሰችም። እንዲያውም ቀለደች። ሌላው ድግሱ ሲደምቅለት 'ቤቱ ቀለጠ' ይላል፣ የእኔ ግን የምር ነው የቀለጠው አለች። ውሸታም እንዲህ ይቀልዳል?

ጥቅምት 9

ጋሽ ችሎትን ኮሪደር ላይ ከኋላ "ጋሼ" ብዬ ጠራኋቸው። አልዞሩም። ደግሜ ጠራሁ። አልዞሩም። ሐሳብ ይዟቸው ይሆናል።

ጥቅምት 12

ሰበብ ፈልጌ እሳቸው ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ባለጉዳዩ ቆርቆሮ ነጋዴ ነው። ጥርሱን አሞት መሃረቡን አፉ ላይ ይዟል። አወራ፣ አወራ። ጋሽ ችሎት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጽፋሉ።

ሲጨርሱ ወረቀቱን አየሁት። ሰውየው "ዕቃው ገና መንገድ ላይ ነበር" ያለው የለም። ያላለው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አለ።

ጠረጴዛቸውን ለምን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩት ዛሬ ገባኝ። ብርሃኑ ባለጉዳዩ ፊት ላይ እንዲያርፍ ነው። "ወንበርህን ቀረብ አድርግ" የሚሉትም ለዚሁ። ለካ የሚያዩት አፉን ነው። ዛሬ አፉ የለም፤ መሃረብ ነው ያለው።

ጆሮአቸው ሄዷል።

ጻፍኩት እንግዲህ። ጽፌው ደነገጥኩ።

ምን አደረግሁ? ምንም። ነጋዴውን ኮሪደር ላይ አስቁሜ መልሱን በጽሑፍ እንዲያመጣ ነገርኩት። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ።

ጥቅምት 13

ለባለቤቴ ነገርኩት። መርፌ አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚያዳምጠኝ፤ ልብስ ሰፊ አይደል።

"ንገሪያቸዋ" አለ።

እንዴት ብዬ? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ባለጉዳይ ሳይጨርስ መጻፍ ጀምሬ ብዕሬን ከእጄ የወሰዱብኝ ሰውዬ ናቸው። ሰውየው አፉን ሲዘጋ ነው ብዕርሽን የምትከፍቺው አሉኝ። ያን ሰው አሁን "አይሰሙም" ልበላቸው? ጡረታቸውም ደርሷል። ዝም ብዬ ቀለል ያለ ሥራ ብሰጣቸውስ አልኩት።

መርፌውን አወጣ። "ሳይለኩ የሰፉት ልብስ ቢያምርም አይገባም።"

ሰው ጨርቅ አይደለም አልኩት። እኔም ሰው አይደል የምለካው አለኝ። ተኮራርፈን እራት በላን።

ጥቅምት 19

አገኘሁ! ክርክሩ ሁለት ዓይነት ነው። ቀርቦ በቃሉ የሚከራከር አለ፤ መልሱን በጽሑፍ አስገብቶ የሚሄድም አለ። ከሁሉም ቅርንጫፍ የሚመጣው የጽሑፍ ክርክር በሙሉ ለጋሽ ችሎት። በቃል የሚሰማው አብዛኛው ለፈጣኑ፣ ቀሪው ለሌሎቹ። (ደረጃውን ሁለት ሁለቱን የሚወጣው ወጣት ኦፊሰር።) ማንም ምንም አይጠረጥርም።

ዋና ኃላፊው ገረማቸው። ከባድ ከባዱን ለእሳቸው አላልሽም ነበር አሉ። የጽሑፍ ክርክር ብስለት ይፈልጋል አልኳቸው። ውሸት አይደለም… እውነትም አይደለም። ፈረሙ።

የሳሙና ሠሪዋንም ጉዳይ እንደገና እንዲሰማ መለስኩት። ቃሉ ላይ ክርክር ከተነሣ መመለስ እችላለሁ። በአዲሱ ድልድል ሁለቱም ማስታወቂያዎቿ ፈጣኑ ዘንድ ሄደዋል። ለጋሽ ችሎት አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ታረቅን።

ጥቅምት 22

ድልድሉ ተለጠፈ። ጋሽ ችሎት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አነበቡት። ቆዩ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

ምሳ ሰዓት "ሽማግሌውን አወረዷቸው" ሲባል ሰማሁ። እሳቸው ብቻቸውን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸው። አይተውኛል፤ በደንብ አይተውኛል። ፊታቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ።

ጥቅምት 25

ሥራ ሳይጀመር ቢሮዬ ገቡ። በሩን ዘጉ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ እንደ ባለጉዳይ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ምኑን ልል ነበር። አላስቻለኝም። "ቆርቆሮ ነጋዴው የቀረበ ቀን" አልኩ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው አሉ። ቀኙ ቀደመ፣ ግራው ተከተለ። ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪም ዘንድ አልሄዱም፤ ሐኪም ካወቀ መሥሪያ ቤት ያውቃል ብለው። ከንፈር ማየት ለመዱ። የሚያመልጣቸው ጥቂት ይመስላቸው ነበር።

ይቅርታ አልኩ። ለክብርዎ ብዬ ነው ብዬ ጀመርኩ…

"ክብሬን ተይው፣ ልጄ። አላጠፋሁም አልልም። ግን ጠርተሽ 'ምን ይላሉ?' አላልሽኝም። ሳትሰሚኝ ወሰንሽብኝ።"

ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ጤነኛ ጆሮ ያለኝ እኔ…

ያኔ የሳሙና ሠሪዋን ነገር አወጣሁት። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን ነበር ያለችው?"

"ቀለጠ።"

ከንፈሬን አዩ። "ድገሚው።" ደገምኩ። "እስቲ 'ተሸጠ' በዪ።" እሱንም አልኩ።

ከዚያ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ጥቅምት 27

ጋሽ ችሎት ሳሙና ሠሪዋ በምትሰማበት ቀን ቀርበው ቃል መስጠት ይፈልጋሉ። "በደንብ አልሰማኋትም" ብለው። ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጥቷል፤ መወሰን አይችሉም። ምስክር መሆን ግን ማን ይከለክለኛል አሉ።

አብረን ዋና ኃላፊው ዘንድ ገባን። ኃላፊው ለመኗቸው። የጽሕፈት ስህተት ነው በሉና ይለፍ አሉ። ይሄ ነገር መዝገብ ላይ ከሰፈረ የተሸነፈ ሁሉ ነገ በር ላይ ነው፤ የሁለት ዓመት ውሳኔ ልንከፍት ነው ወይ? ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራው ነው የታያቸው። ለእኔም ታየኝ።

ጋሽ ችሎት፣ "ይከፈታ" አሉ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። ድልድሉ የአንቺ ነው፣ ምን ትያለሽ አሉኝ።

ዛሬም ዝም ብል ኖሮ? ዝም ለማለትማ አፌ ተመቻችቶ ነበር። "በእነዚያ ሁለት ዓመታት በቃሉ ተከራክሮ 'አልተሰማሁም' የሚል ካለ እንደገና ይሰማ። ማን እንደሚሰማው እጽፋለሁ" አልኩ።

ኃላፊው አልፈረሙም። እናያለን አሉ።

ኅዳር 1

ፈረሙ። ብዕሩን ወርወር አደረጉት።

ኅዳር 4

ሳሙና ሠሪዋ ዛሬ ተሰማች።

ፈጣኑ ጋሽ ችሎትን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። እሳቸው ከሴትዮዋ አጠገብ፣ በባለጉዳይ ወንበር ተቀመጡ። ልጁ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው ጠፋው፤ ላብ በላብ ሆነ። እሳቸው ራሳቸው አገዙት። "ጠይቀኝ። ወደ እኔ እያየህ፣ ጮክ ብለህ።"

ጠየቃቸው።

"ያን ቀን ቃሏን በደንብ አልሰማሁትም። 'ተሸጠ' ያለች መሰለኝ። 'ይድገሙልኝ' ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ፣ አላልኩም።"

ይቺን ለመናገር ስንት ቀን አላመጧት ይሆን? ቀና ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ ያቀረቀርኩት።

ሴትዮዋ ትሰድባቸዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንበሯን አዞረችና አየቻቸው። "ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ እጮህልዎ ነበር እኮ" አለች። ከዚያ ከጣሪያው ጀምራ ታሪኩን ሁሉ ለእሳቸው አወራች፤ ለፈጣኑ ሳይሆን ለእሳቸው። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ጣሪያውን የጠገነው አናጢም ቀርቦ፣ ወለሉ አረፋ በአረፋ ሆኖ አንሸራትቶ ጥሎኛል አለ። ሳቅን። ጋሽ ችሎት ትንሽ ዘግይተው ሳቁ።

ኅዳር 12

ፈጣኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። ደስ አለኝ። ሁለቱንም ማስታወቂያ በአንድ ውሳኔ ጨረሰው፤ ለቀለጠው ሳሙና ታክስ የለባትም። ጥቂት ካርቶን ግን ቀለጠም ተሸጠም የሚል ማስረጃ ሊገኝለት አልቻለም፤ እሱን ትክፈል ተባለ። አኮረፈች። ይግባኝ እላለሁ ብላ ሄደች። መብቷ ነው።

ኅዳር 24

የፈራነውን ያህል ሰው አልመጣም። ከመጡትም አብዛኞቹ እንደገና ተሰምተው እንደገና ተሸነፉ። አንዳንዱ ውሳኔ ግን ተገለበጠ… መልሱን በጽሑፍ ሳያመጣ የተወሰነበት ቆርቆሮ ነጋዴም አንዱ ነው። ጋሽ ችሎት የተገለበጠውን ሁሉ እያስመጡ ያነባሉ። አንድ በአንድ። ተዉት አልኳቸው። አልተዉትም።

ጆሮአቸው ላይ መሣሪያ ተደርጎላቸዋል። ከሦስት ቀን በላይ የሚያደርጉት አልመሰለኝም ነበር። ወንበር ሲጎተት ይሰቀጥጣቸዋል፣ በር ሲዘጋ ይዘላሉ። ሰው እንዲህ ሲያወራ ነው የሚውለው እንዴ፣ ያለ እሱ ይሻለኝ ነበር ይላሉ።

ዛሬ ከሰዓት መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

"ችሎት ማነው?"

ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ።

"ኮሪደሩ ላይ 'ችሎት መጣ' ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ ባይ ከእኔ በቀር ሰው የለም።"

ነገርኳቸው። ምን ይደረግ? ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው አሉ። እኔ ከመቀጠሬም በፊት ነው አልኳቸው። አሰቡበት። "ከዚህ የባሰም ሊያወጡልኝ ይችሉ ነበር" ብለው ሄዱ።

ታኅሣሥ 7

ድልድሉን ማሻሻል አለብኝ። ፈጣኑ ላይ ብዙ ተቆልሏል፤ ደረጃውን አንድ አንዱን መውጣት ጀምሯል። በዚህኛው ኦፊሰሮቹን ተራ በተራ ጠራሁ። ምን ትፈልጋለህ፣ ምን ይከብድሃል እያልኩ። ለካ ብዙ ነገር አላውቅም ነበር። አንዱ የአጎቱ ልጅ የሚመረምራቸው ጉዳዮች ላይ ተመድቦ ሲጨነቅ ከርሟል።

ጋሽ ችሎትን መጨረሻ ላይ ጠራኋቸው። የጽሑፉን ክርክር ይቀጥላሉ ብዬ ነበር የገመትኩት። ሰው መስማት እፈልጋለሁ አሉ። የትንንሽ ነጋዴዎችን። ጸጥ ባለ ክፍል፣ በቀን አንድ ሰው ብቻ።

ፈራሁ። እንደ በፊቱ ቢሆን ፈገግ ብዬ "እናስብበታለን" እል ነበር።

"ካልሰሙስ፣ ጋሼ?" አልኳቸው። ፊታቸውን እያየሁ።

"'አልሰማሁም' እላለኋ። መጀመሪያ ላይ ነው የሚያንቀው።"

ቀላል ነው የሚሉት… ግን በፈጣኑ ክፍል ውስጥ ሲሉት ሰምቼአለሁ። አመንኳቸው። እዚያው ጻፍኩት። ከመፈረሜ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የባለጉዳይ ቃል ሊነበብለት እንደሚገባው። "በቃል የሚከራከሩ አነስተኛ ነጋዴዎችን ሰምተው እንዲወስኑ ተፈቅዶላቸዋል።"

እጃቸውን አነሡ።

"'ተመድበዋል' በዪው። ፈቃድ አልለመንኩም።"

ሰረዝኩና ጻፍኩ።