የደራሽ መርዶ

ይድረስ ለወንድሜ ለሽመክት፤ ጅቡቲ

ሽሜ፣ ሰላምታዬ ከአንተ ይጀምርና ወደ ስምረት፣ ከስምረት ወደ ትንሿ ኪዳነ ምሕረት ይለፍ። እንዴት ከርማችኋል? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? ስምረት ራስ ምታቷ ተሻላት? ልጅቷስ ጥርሷ ወጥቶ አለቀ? እዚያ ሙቀቱ ከወዲሁ እንደባሰ ዐብዲፈታሕ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ነግሮናል። እኛም ጋ ግንቦት ግንቦትነቱን አልረሳም፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ባጃጅ ብቻ ነው። እኔ ጉልበቴን ከማማረር በቀር ደህና ነኝ። አማችህ ዘገዬም ጋራዡን ዛሬ እዘጋዋለሁ፣ ነገ እዘጋዋለሁ እያለ በየጠዋቱ ይከፍታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ደብዳቤ ማየትህ ሳያስደነግጥህ አልቀረም። እሑድ እሑድ በስልክ እየተያየን ወረቀት ምን አመጣው ትላለህ። ያመጣው በስልክ ልነግርህ ያልፈለግሁት ነገር ነው። ሰው አልሞተም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ተረጋግተህ አንብብ። የሞተው ደራሽ ነው። ውሻህ ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ባለፉት ስምንት እሑዶች ስለ እሱ የነገርኩህ ሁሉ ውሸት ነው።

ከእንግዲህ ውሻ እንኳ ቢሞት እንዳትደብቂኝ ያልከኝን አልረሳሁም። እማዬ ያረፈች ጊዜ ስምረት ዘጠነኛ ወሯ ነበር። ትውለድና ይነገረዋል ተባለ። ወለደች፤ አራስ ቤት መርዶ አይገባም ተባለ። ክርስትና ይነሣና ተባለ። ክርስትናው ተነሣ፤ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተገኘ። እኔም ሽማግሌዎቹና ዘመድ ያሉትን ተቀብዬ አራት ወር ሙሉ በስልክ ስስቅልህ ከረምኩ። እማዬስ ስትለኝ ጸበል ገብታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ተኝታለች እልሃለሁ። በመጨረሻ ከድሬ የመጣ አንድ ነጋዴ ገበያ ላይ አግኝቶህ እናትህን ነፍስ ይማር አለህ። የእናትህን መርዶ መንገድ ላይ፣ ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሰማህ። በዚያ ቀን ደውለህ የተናገርከኝ ሁሉ ይገባኛል፤ አንዱንም አልመልስብህም።

ከዚያ በኋላ መደወልህን አልተውክም፤ ይህ ጨዋነትህ ነው። ግን የምትጠይቀኝ ስለ ደራሽ ብቻ ሆነ። በላ ወይ? ዐይኑ ባሰበት ወይ? እስቲ አሳዪኝ። እንዴት ነሽ ትለኝና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ውሻው ታልፋለህ። እኔም ስልኩን ወደ ውሻው አዞረዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔና አንተ የተነጋገርነው በደራሽ በኩል ነው። ስለዚህ ሲሞት መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እንግዲህ ምን ልናወራ ነው የሚል ነበር። የደበቅኩህም ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

እኔ ውሻ እንደማልወድ ታውቃለህ። ቡችላውን ያመጣህበት ቀን ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። ጎርፍ በወረደ ማግስት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ አንገቱ ድረስ ተቀብሮ አገኘሁት ብለህ በሸሚዝህ ጠቅልለህ መጣህ። እማዬ ከበር መለሰችህ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ውሻ ማለት ፀጉር፣ ቁንጫና የተበላ ጫማ ነው አልኩ። ተሳስቼ ነበር አልልህም፤ ጫማዬን በልቷል፣ ሦስት ጊዜ። ሦስት ቀን ከአጥሩ ውጭ አሳደርከው። በአራተኛው ቀን እማዬ ራሷ ከሣጥኗ የአባባን የምድር ባቡር ቀበቶ አወጣች። አባባ ከሞተ ጀምሮ ያንን ቀበቶ ለማንም አላስነካችም ነበር። በቢላ ቆርጣ፣ በምስማር በስታ፣ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ጎርፍ ያመጣው ነውና ደራሽ ይባል ያለችውም እሷ ናት።

ክፉ ውሻ አልነበረም። ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲያይ ይጮኻል፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ፓፓያ ይወዳል። ከሰዓት በኋላ የበረንዳውን ሲሚንቶ ውኃ ሳፈስበት ገና ሳይደርቅ መጥቶ ይጋደምበታል፤ ባባርረው አንድ ዐይኑን ገልጦ አይቶኝ መልሶ ይጨፍናል። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ተከትሏት በሩ ላይ ከነዳያን ጋር ይሰለፋል፤ ድርሻውንም ያገኛል። እኔን ከቀፊራ ገበያ ስመለስ ከሚኒባሱ መውረጃ ይጠብቀኛል። ጠርቼው አላውቅም፣ ደባብሼውም አላውቅም። ከፊት ከፊቴ እየሄደ ቤት ያደርሰኛል። የያዝኩት ዳቦ ሸቶት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ቆየሁ። ዳቦ ባልያዝኩ ቀንም ግን ይመጣ ነበር።

ሰው ስለ ውሻ ታማኝነት ብዙ ያወራል። እማዬ ስታርፍ ምግብ ተወ፣ መቃብሯ ላይ ተኛ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልህ ነበር። አላደረገም። በሠልስቱ ድንኳን ሥር እየዞረ አጥንት ሲቆረጥም ውሎ ሆዱን አመመው። ብቻ ማታ ማታ በእሷ ክፍል በር ላይ መተኛት ጀመረ። ከዚያ በፊት እዚያ ተኝቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ አሟሟቱ ልምጣ። የጾሙን ነገር ታውቃለህ፤ በእኛ ቤት ጾም ሲገባ ውሻውም ይጾማል። በሑዳዴ የሥጋ ድስት ምድጃ ላይ አይወጣም፤ እማዬ የደነገገችው ነው፣ እኔም አልሻርኩትም። ያን ሁሉ ቀን ደራሽን የምትቀልበው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ናፊሳ ነበረች። ናፊሳ ውሻ አትነካም። ምራቁ ከነካት ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር መታጠብ አለባት፤ ሃይማኖቷ ነው። ስለዚህ አጥንቱን በቆርቆሮ ክዳን ታስቀምጥለትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ካላይ ትለዋለች። በሶማሊኛ ና ማለት እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከወተት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ፣ ከናፊሳ ጋር በሶማሊኛ ይግባባል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ለሁለቱም በር እኩል ይጮኽ ነበር።

ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። በሁለቱም ቤት ቀን ቀን ለውሻ የሚሆን ነገር ጠፋ፤ ናፊሳ ቤት አጥንት የሚገኘው ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ ብቻ ሆነ። ደራሽ ዐይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ ጆሮው ግን ደህና ነበርና በአራት ቀን ውስጥ አዛኑን ለመደው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተነሥቶ፣ ገላውን አራግፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ናፊሳ ደጃፍ ይቆማል። ዐብዲፈታሕ በሰፈሩ ሰዓት አክብሮ የሚያፈጥር እሱ ብቻ ነው እያለ ይቀልዳል። ዘገዬ ደግሞ የሁለቱንም ጾም ስለሚጾም ከሁላችንም በፊት የሚጸድቀው እሱ ነው ይላል።

አንተ ግን አልሳቅክም። አርጅቷል፣ መንገድ አታሻግሪው፣ አንድ ድስት ለብቻ ለይተሽ አጥንት ቀቅይለት ብለኸኝ ነበር። እኔ በእማዬ ቤት በሑዳዴ ሥጋ አይቀቀልም ብዬ መለስኩልህ። አንድ ድስት ነበር የጠየቅከኝ። አሁን ድስቶቹን ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መጋቢት ሰባት ሰኞ ዕለት ነው። በረመዳን ከመግሪብ በፊትና በኋላ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ታውቃታለህ፤ የድሬ ባጃጅ ሁሉ ለማፍጠር ወደ ቤቱ ይበራል። ሌላ ቀን አዛኑ ሲጀምር በሩን ይዤ መንገዱ ጭር እስኪል አቆየዋለሁ። በዚያ ቀን ከገበያ ዘግይቼ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ጫማዬን አወልቅ ነበር። አዛኑን ሰማሁ። ወዲያው የፍሬን ድምፅ ሰማሁ። በአንድ እግሬ ጫማ ስወጣ አልቆ ነበር፤ አልተሠቃየም። ባለ ባጃጁ የቢዮ አዋሌ ሰው ነው። ተምሩን በእጁ እንደያዘ ወርዶ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ወላሂ አላየሁትም እያለ ደጋግሞ ነገረኝ። አመንኩት። የሰው ጾም በእኔ ምክንያት እንዳይረዝም ተምሩን እንዲበላ ለመንኩት።

ናፊሳ የቆርቆሮ ክዳኗን ይዛ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ክዳኑን መሬት አስቀመጠች። ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ አስፋልቱ ላይ ዘረጋች። ከዚያ ደራሽን በሁለት እጇ አንሥታ ሻርፑ ላይ አስተኛችው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ነክታው የማታውቀውን ውሻ። ተሸክማ ግቢያችን አስገባችው። ዘገዬ ኒም ዛፉ ሥር ቆፈረ። ቀብረነው ስናበቃ ናፊሳ ከግንብ ሥራ ከተረፈው የደቻቱ አሸዋ ዘገነችና እጇን አሸች። ከዚያ እኔ በጣሳ እያፈሰስኩላት ስድስት ጊዜ በውኃ ታጠበች። እየቆጠረች ነበር። እኔም አብሬያት እቆጥር ነበር፤ አራት ላይ ስንደርስ ማልቀስ ጀመርኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያለቀስኩት ለደራሽ ብቻ አይደለም። እማዬ ስትሞት እንደ ሰው አላለቀስኩም። ሠልስቷ እሑድ ላይ ዋለ፤ አንተ ትደውላለህ፣ ድምፄ መሻከር የለበትም። በሠልስቱ ከለቅሶው መሃል ተነሥቼ፣ ጓዳ ገብቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ደህና ናት አልኩህ። በአርባዋም እንደዚሁ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ ተመልሶ አይመጣም ነበር። ለእናቴ ያላለቀስኩትን፣ አልወደውም ስል ለኖርኩት ውሻ አለቀስኩለት። ናፊሳ ሳይገባት አልቀረም፤ እርጥብ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

በሚቀጥለው እሑድ ደራሽስ አልከኝ። ተኝቷል አልኩህ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ እማዬ ተኝታለች ስልህ የነበረው ያው ድምፅ ነው። ከዚያ የቆየ ፎቶ ላክሁልህ። በፋሲካ ዕለት ሲፈስክ ልየው አልክ። የታችኛውን ሰፈር ዘበኛ ውሻ በአጥንት አባብዬ ከኋላው ቀረጽኩት። ጅራቱ ረዘመሳ አልክ፤ ከስቶ ነው አልኩህ። ስልኩን ዘግቼ እኔና ዘገዬ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ትንሽ ቆይተን ደግሞ አፈርን። አንተ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አሳጥረሃል። ነቅተህብኝ እንደሆነ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዳግመኛ ነጋዴ መንገድ ላይ ሳያረዳህ ራሴ ልንገርህ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

መርዶው እንደ ሥርዓቱ እንዲሆን ፈለግሁ። ዐብዲፈታሕ መኪናውን ጭኖ ወደ እናንተ ሊወርድ ሲል ደብዳቤውን በጠዋት፣ ወደ ወደብ ሳትወጣ፣ ስምረት ባለችበት እንዲሰጥህ ለመንኩት። ለሰው እንኳ መርዶ ነግሬ አላውቅም፣ ለውሻ ብዬ በማለዳ የሰው በር ላንኳኳ ነው ብሎ ሳቀብኝ። የእማዬን ነገር ስነግረው ሳቁን ተወና ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። አንብበህ እስክትጨርስ ደጅ ይቆያል። የደራሽን የአንገት ቀበቶ እሱ ይዞልሃል። አጥቤዋለሁ፤ መታጠቂያው ላይ ያለው ናስ ግን የአባባ ጊዜ ወዙ እንዳለ ነው።

ሽሜ፣ ስለ እማዬ የመጨረሻ ቀን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኔ ሳልነግርህ አራት ወር፣ አንተ ሳትጠይቀኝ ሁለት ዓመት ከረምን። በዚያን ቀን ምን እንደበላች፣ ስምህን ስንት ጊዜ እንደጠራች፣ ለልጅህ ምን ብላ እንደመረቀች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ያንተ ነው ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ይቅር በለኝ። ያን ጊዜም፣ አሁንም ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ።

ስምረትን ሳምልኝ፤ ያን ጊዜ በእሷ ማሕፀን አመካኝተን ነበርና እሷም ይቅር ትበለኝ። ኪዳንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ደራሽን በስልክ ስታይ ትስቅ ነበርና ለእሷ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ። ዘገዬ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ናፊሳ ደግሞ ለሽመክት ሰላም በይልኝ፣ ብቻውን አልተቀበረም በይልኝ ብላለች። የቆርቆሮ ክዳኗን እስካሁን ከደጃፏ አላነሣችውም።

ደብዳቤውን ስታጥፍ ቀና በል፤ ዐብዲፈታሕ ደጅህ ቆሟል። አስገባውና ቁርስ አብራችሁ ብሉ። ከዚያ እሑድን ሳትጠብቅ ደውልልኝ፤ ስለ እማዬ ጠይቀኝ።

እኅትህ በለጠች
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ግንቦት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.