ዛሬን ይደሩልኝ

ሰኞ፣ ሰኔ 3
ቂጤ ወንበር ሳይነካ ዋለ። አራት ሰው አነጋገርኩ፣ አራት ፎቶ አነሳሁ፣ አራት ታሪክ ጻፍኩ። ወሩ ሳያልቅ ሠላሳ ማድረስ አለብኝ። አለቃችን (ከጀርባው "መቶ በመቶ" ነው የምንለው) ገና ደረጃውን ሳልጨርስ "ስንቱ ሞላ?" ይለኛል። ደህና አደርሽ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ...

ሥራዬን ማስረዳት ራሱ ሥራ ነው። እናቴ "ኮምፒዩተር ላይ ነው የምትሠራው" ብላ ትገላገላለች። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ብድር የፈለገ ባለሙያ እኛ ጋ ይመዘገባል። ያለበት ድረስ ሄጄ አነጋግረዋለሁ፣ ታሪኩን ከነፎቶው ድረ ገጹ ላይ እለጥፋለሁ። ባሕር ማዶ ያሉ፣ አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ዶላር ያበድሩታል። በሠላሳ ቀን የጠየቀው ከሞላ ይወስዳል። ካልሞላ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለሳል።

የመጨረሻዋ ሹራብ ሠሪ ናት። ከኔ ዐሥራ ምናምን ዓመት ብትበልጥ ነው። እርስዎ ስላት "አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ" አለች። በሰው ማሽን ነው የምትሠራው፣ ኪራዩ ትርፏን ይበላዋል። ሥራ የሚዘጋ አንድ ሰውዬ ማሽኑን ዘጠኝ መቶ ዶላር በሚሆን ብር ሊሸጥላት ተስማምቷል፣ እስከ ሐምሌ 25 ይጠብቃታል። ማሽኑ እጇ ከገባ አንድ ትምህርት ቤት ለመክፈቻው የሚሆን የሁለት መቶ ሹራብ ሥራ ይሰጣታል። ካልገባ የለም። ፎቶ ሳነሳት ፈገግ በይ ብላት ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች። ፈገግታዋ እሱ ነው መሰለኝ።

ማታ ልገባ ስል ጻፍኩት። ከባዶ አልጀምርም፣ ማን ጊዜ አለው? የቀደመውን ሰው ገጽ እከፍትና እያጠፋሁ የአዲሱን እጽፍበታለሁ። የአትክልት ሻጯን ከፍቼ ቲማቲሙን አወጣሁ፣ ክሩን አስገባሁ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጎበዝ ነኝ እኮ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
ተለጠፈ። ዜሮ በመቶ። ሹራብ ቶሎ አይሞላም። የአበዳሪዎቹ ልብ ለላምና ለዶሮ ነው የሚከፈት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6
ሥልሳ ሰባት በመቶ! በሁለት ቀን! ምን ጽፌ ነው? ሳላውቀው ደራሲ ወጥቶኛል...

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8
ሞላ። "መቶ በመቶ" በሰው ፊት አጨበጨበልኝ። ጆሮዬ ጋለ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሠላሳ ስድስቱ አበዳሪዎች የላኩትን መልእክት ልይ ብዬ ተቀመጥኩ። "በርቺ።" "ጎበዝ እናት።" "ሦስቱን ልጆችሽን ሳሚልኝ።"

የማንን ልጆች?

ገጹን ከፍቼ አነበብኩ። መሐል ላይ ቁጭ ብሏል። "የሦስት ልጆች እናት ናት። የስምንት፣ የአምስትና የሁለት ዓመት ልጆቿን ለማሳደግ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች።" የአትክልት ሻጯ ልጆች! ቲማቲሙን አውጥቼ ልጆቹን ረስቻቸው!

ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። "ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር። ልጅ የለም። 'አልሰጠንም' አለች፣ ክሩን እያየች።"

እሑድ፣ ሰኔ 9
አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። ቁም ሣጥን ዘረገፍኩ፣ መልሼ አጠፍኩ፣ ደግሞ ዘረገፍኩ። እናቴ "ምን ሆነሻል፣ ቁንጫ ገብቶብሻል እንዴ?" አለችኝ። ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

ሰኞ፣ ሰኔ 10
ለ"መቶ በመቶ" ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ሦስት ልጅ ማንን ጎዳ?"

"የሉማ!"

"አበዳሪው መጥቶ አያያቸው፣ እሷ አታነበው።"

"ውሸት ነው።"

"ስህተት ነው። ስህተትና ውሸት ይለያያል።"

ቅዳሜ ስህተት ነበር፣ እሺ። ዛሬ አውቄ ዝም ካልኩስ? ደንቡን ደግሞ አስታወሰኝ። የተለጠፈ ታሪክ ከተነካ ገንዘቡ ለሁሉም ይመለሳል፣ ሠላሳው ቀን ከዜሮ ይጀምራል። "ባይሞላስ? ማሽኑን አንቺ ልትገዢላት ነው?" አለኝ። ገንዘቡ የፊታችን ሰኞ ይላካል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12
ልነግራት ሄጄ ሳልነግራት መጣሁ። ፈሪ!

ሞላ መባሉን ሰምታለች። ጥጉን ጠርጋ፣ የማሽኑን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምራዋለች። ክር ለማምጣት ስትነሳ መስመሩን እንዳትረግጥ ዙሪያውን ነው የምትሄደው። እኔም አብሬ ዞርኩ። እንዲህ ያለች ሴት ፊት ምን ብዬ አፌን ልክፈት? "ፎቶው ደብዝዞ ነው" ብዬ ሌላ ፎቶ አነሳኋት። ይኸው ሌላ ውሸት።

ዓርብ፣ ሰኔ 14
ነገርኳት።

በሩ ላይ እንደቆምኩ ጀመርኩ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቀዋለሁ። ስጽፍ የሌላ ሴት ልጆች አንቺ ገጽ ላይ ቀሩብኝ፣ ሰዎቹ ያንን አይተው ነው ያበደሩሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው... አንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት።

እጇ ማሽኑ ላይ ቆመ።

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት።"

"ወንድ ናቸው ሴት?"

"አይልም። ዕድሜያቸውን ብቻ ነው የሚለው። ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት።"

"ሁለት!" አለች። "ገና እኮ ነው እሱ..."

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እስቲ አሳዪኝ" አለች። ስልኬን ሰጠኋት። ቋንቋውን አታውቀውም። "የቱ ጋ ነው?" አለች፣ በጣቴ አሳየኋት። ጣቷን ጣቴ አጠገብ አድርጋ ቆየች።

"ስንት ሰው አየው?"

"ያበደሩሽ ሠላሳ ስድስት ናቸው።"

"ሠላሳ ስድስት ሰው እናት ናት ብሎኛል" አለች፣ ለኔ አይደለም።

የቀረውንም ነገርኳት። ከተስተካከለ ከዜሮ ነው፣ ላይሞላ ይችላል፣ ሰውዬው ማሽኑን ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። አንቺ ያልሽው ይሁን፣ አለቃዬን እኔ እችለዋለሁ አልኳት። ወለሉን አየች፣ ጠመኔውን።

"ይጥፋ" አለች። "በሌሉ ልጆች ስም አልበላም።"

እሺ ብዬ ስልኬን ልቀበላት ስል አልለቀቀችውም።

"ዛሬ ግን አይደለም።"

"እንዴት?"

"ዛሬን ይደሩልኝ። አባታቸው ማታ ከሥራ ሲገባ ልንገረው። ነገ ታጠፊያቸዋለሽ።"

አባታቸው አለች። ባሏን ነው፣ የመጋዘን ዘበኛ ነው። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እስከ ታክሲው ድረስ እንባዬ ይወርዳል፣ ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ይየኝ!

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15
ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች።

"ደህና አደሩ" አለች። ከዚያ "በይ አሁን አጥፊያቸው።"

አንድ ቁልፍ እኮ ነው። ሁለት መስመር ለማጥፋት ሁለቴ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ባዶ ገጽ ከፍቼ የሷን ከመጀመሪያው ጻፍኩ። ጠመኔውን ጻፍኩ፣ ቅንድቧን ጻፍኩ። ልጅ የለም ብዬም ጻፍኩ፣ እሷ ጻፊው ስላለች። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ዜሮ በመቶ።

ሰኞ፣ ሰኔ 17
"መቶ በመቶ" ኩርፊያ ላይ ነው። ለሠላሳ ስድስቱም ይቅርታ ጻፍኩ፣ ስህተቱ የኔ የጸሐፊዋ እንጂ የሷ አይደለም ብዬ። አንዱ በአንድ ቃል መለሰልኝ። "አታላዮች።" ቀኑን ሙሉ እየከፈትኩ አነበብኩት።

ሰኞ፣ ሰኔ 24
ዐሥራ አራት በመቶ። በዘጠኝ ቀን!

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3
አርባ ሁለት። ከቀድሞዎቹ ዐሥራ አንዱ ተመልሰዋል። ጥርሴን ስቦርሽ አያለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አያለሁ፣ ሰው እያነጋገርኩ ከጠረጴዛ ሥር አያለሁ። እናቴ "በቃ ስልኩን አግቢው" አለች። ይኼኔ ቁጥሩ አንድ ከፍ ይል ይሆናል... አላለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10
ሥልሳ ዘጠኝ። ለማሽኑ ሌላ ገዢ መጥቶበታል። ባሏ ይህን ከሰማ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ አይገባም፣ ሰውዬው ጋ ሄዶ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ነው። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ሻጩ "የኔን ንብረት ማን ጠብቅ አለህ?" ቢለው "በነጻ እኮ ነው" ብሎታል። ሰውዬው እየሳቀ ነው የነገረኝ። ከሳቀ ይጠብቃል። ይጠብቃል?

እሑድ፣ ሐምሌ 14
ዘጠና ሁለት። ሦስት ሰው ጎደለ። ነገ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ሦስት ሰው ከዚያ ሁሉ ዓለም!

ሰኞ፣ ሐምሌ 15
አምስት ሰዓት ላይ የሚጎድለው ሦስት። አምስት ከሩብ ላይ ሁለት። ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል "መቶ በመቶ" ከክፍሉ ወጣ። ይቆጣል ስል ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኔ ጋር ቁጥሩን ያያል። አምስት ተኩል ላይ አንድ።

ለስድስት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ሞላ።

የመጨረሻዋ "ሦስቱን ልጆችሽን ሳሚልኝ" ያለችው ናት። አሁን የጻፈችው "ይኼኛው ለራስሽ" ይላል።

ደወልኩላት። ሞላ አልኳት። ከጀርባ ይንቋቋ የነበረው የኪራይ ማሽን ቆመ። "መቶ በመቶ" መነጽሩን እየጠረገ ወደ ክፍሉ ገባ። እሱም ሰው ነው ለካ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9
ማሽኑ ጠመኔው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ልክክ ብሎ። የትምህርት ቤቱ ሥራ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ባሏ ክር ይጠቀልላል፣ እሷ ትቆጣዋለች። መስኮቱ ላይ ሦስት ቀይ ሹራቦች ተሰቅለዋል። አንዱ ተለቅ ያለ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የጨቅላ ያህል።

"እነዚህስ?" አልኳት።

"ናሙና ናቸው።"

የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ነው። ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ ምን ትምህርት ቤት አለው? አልጠየቅኩም። ፎቶ ሳነሳት መስኮቱ እንዳይገባ አድርጌ ነው።

ከዚያ ሰሞን ወዲህ የማንንም ገጽ ከባዶ ነው የምጀምረው። በወር ሃያ አንድ ከደረስኩ ጥሩ ነው። "መቶ በመቶ" ሲጮህብኝ ይውላል፣ ለምጄዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20
ዓመት አለፈ። ደብተሩ የቀረው አንድ ቅጠል ነው፣ ለዛሬ ይበቃል።

የመጨረሻ ክፍያዋን ልቀበል ሄድኩ። በራሷ ብር፣ በራሷ ማሽን። ሁለት ሴቶች ቀጥራለች። ባሏ አሁንም ክር ይጠቀልላል፣ አሁንም ትቆጣዋለች። ደረሰኙን እየጻፍኩ ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። ሦስቱ ቀይ ሹራቦች ተሰቅለዋል። ያው ቀይ፣ ያው አንገት። ግን የሆነ ነገር... እጅጌያቸው ረዝሟል። የትንሹም ደረቱ ሰፍቷል። ብዕሬ ቆመ። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ በሆዴ።

"እትዬ፣ ናሙናዎቹን ቀየርሻቸው እንዴ?"

ከማሽኑ ቀና አላለችም። ባሏ ግን ክሩን ይዞ ቀጥ አለ።

"ምን ላድርግ?" አለች። "ጠበባቸዋ።"