የቁንጢጥ ሕመም ምንጭ

ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። የቁንጢጥ አባትም አውቶቡሱን እንደገና መንዳት ጀምሯል፤ ሲገባ ግን ጫማውን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቁጭ ይላል።

ልጄን ቁንጢጥን ከቀበርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። በስልክ ስትጠይቂኝ ለቅሶ እየቀደመኝ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ።

እግር ካወጣች ጀምሮ ትንገዳገድ ነበር። ስትወድቅ «መሬቷ ናት የገፋችኝ» እያለች ታስቀን ነበር። ሳንባዋንም በየወሩ ያማት ነበር። አማቴ «ጡት ቶሎ አስጥለሻት ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እውነት መስሎኝ የሰው ልብስ እየተኮስኩ ራሴን ስረግም ኖርኩ። በዘጠኝ ዓመቷ አንገቷ ሥር እብጠት ወጣ፤ ካንሰር ነው አሉን።

ያኔ አንዲት ሐኪም ደሟን መርምራ አስረዳችን። «ሰውነታችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በየቀኑ ይሰበራል፤ የሚጠግኑት ኢንዛይሞች አሉ። ስብራቱን አይቶ ጠጋኞቹን የሚጠራው ግን ልጃችሁ ላይ ከተፈጥሮዋ የለም። በሽታ የሚከላከሉት ሕዋሳትም ሲሠሩ ዲኤንኤያቸው ተቆርጦ መቀጠል አለበት፤ የእሷ በደንብ አይቀጠልም። ሳንባዋ የሚታመመው ለዚህ ነው፤ መንገዳገዷም ካንሰሩም ካልተጠገነው ስብራት የመጣ ነው» አለችን። ጨረር ለሌላው መድኃኒት፣ ለእሷ እሳት ነው ብላ ከለከለች። ሌላውንም መድኃኒት ቀነሱላት፤ ለበሽታው አነሰ፣ ለእሷ በዛ።

«ጡት ማስጣሌ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እጄን ይዛ «አይደለም፣ እህቴ» አለችኝ። በልጄ ቀብር ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

በመጨረሻ ሳምንቷ «እማ፣ አንቺ ትንሽ ተኚ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። ተኛሁላት።

አሁን ስሚኝ። ጉድለቱን የወረሰችው ከእኔም ከአባቷም ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የያዘ ሰው ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ ሴት ከሆነች ግን ለጡት ካንሰር ትቀርባለች። እናታችን በምን እንደሞተች ታውቂያለሽ፤ የጡቷን ቁስል ያጠብሽላት አንቺ ነሽ። እኔ በየዓመቱ እንድመረመር አዘውኛል። አንቺ ላይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። «የመጣው ይምጣ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ አትበዪ። ሂጂና ተመርመሪልኝ። አንዷን ቀብሬአለሁ፤ ሌላ የምቀብርበት አቅም የለኝም።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ እናታችን የጻፍኩትን በምታውቂው ዘዴ ንገሪው። ባልሽን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ። የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ግን ደብዳቤውን ራሷ እንድታነበው ስጫት፤ እሷንም ይመለከታታል።

እህትሽ
ከአራተኛው ፎቅ ቤታችን፣ እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን